ነገርከን እንጂ መች ጠየቅከን?



በቅርቡ ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ወንድም እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። በልማት ሥራ ተቀጥሮ ገጠር ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲሄድ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ አሁን የለም። «ጋሼ፣ ሕዝቡ እኮ አይገባውም» አለኝ። «ስብሰባ ላይ ሁሉም እሺ ይላል፣ ያጨበጭባል። ሥራው ሲጀመር ግን የሚመጣ የለም። ስንዴ ወይም ገንዘብ ካላየ አካፋ አያነሣም። እኛ ለእነርሱ ብለን ቤተሰብ ጥለን፣ ፀሐይ እየመታን...» ንግግሩን ሳይጨርስ ዝም አለ።

እኔም ዝም ብዬ ሰማሁት። መልስ አጥቼ አይደለም። ይህንኑ ንግግር፣ ምናልባትም በባሰ ምሬት፣ ከሃያ ዓመት በፊት እኔው ራሴ ተናግሬዋለሁ። «አይገባቸውም» ያልኳቸው ሰዎች ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ገብቷቸው እንደ ነበር የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ለዚያ ወንድም የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ታሪኩ ላስታ ውስጥ ስለ ሆነ ዳገት አለበት፤ ጫማችሁን ጠበቅ አድርጉ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። የተመደብኩት ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ነው። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በልግ ሲቀር ሰው የሚቸገርበት ደጋ ነው። ሥራዬ ምንጭ ማጎልበት ነበር። በመንደሩ ሰውም ከብትም የሚጠጣባት፣ በበጋ የምትጨቀይ አንዲት ምንጭ አለች። ሕፃናት በተቅማጥ ይታመማሉ። ንድፉ አዲስ አበባ ተሠርቶ አልቋል። ሲሚንቶው ወልድያ ደርሷል። በጀቱ ደግሞ ዓመቱ ሳይዘጋ ማለቅ አለበት። የቀረው የሕዝቡ «ተሳትፎ» ብቻ ነበር፤ ለእርሱም በቅጹ ላይ አንድ መስመር ተትቶለታል።

ስብሰባ ጠራን። ሰው ከእርሻው እንዳይቀርብን ብለን በበዓል ቀን አደረግነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ከጥዱ ሥር ተቀመጠ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። እኔ ቆሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጀርም፣ ስለ ቧንቧ፣ ስለ አጥር አስረዳሁ። በመጨረሻ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። አንድ አዛውንት ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉና «እግዜር ይስጥልን፤ እናንተ ካላችሁ እሺ ነው» አሉ። ሌላውም እሺ አለ። እኔም በሪፖርቴ ላይ «ኅብረተሰቡ ሙሉ በሙሉ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልጻፍኩም፤ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ምንጩ በሲሚንቶ ተገነባ፣ ሁለት ቧንቧ ወጣለት፣ ዙሪያው ታጠረ። ምርቃቱ ላይ ፎቶ ተነሣን። በዓመቱ ለጉብኝት ስመለስ አጥሩ የለም። አንደኛው ቧንቧ ተነቅሏል። ግንቡ በአንድ ጎኑ በድንጋይ ተፈልፍሎ ውኃው ቁልቁል ይፈስሳል፤ ከብቶች ተሰልፈው ይጠጣሉ። ሴቶቹ ከድሮው በባሰ ጭቃ ውስጥ ቆመው ይቀዳሉ። ደሜ ፈላ። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ልወቅስ ስገሰግስ መንገድ ላይ ጀሪካን ያዘሉ አንዲት እናት አገኘሁ።

«ምነው እማማ፣ ይህ ሁሉ ተለፍቶበት ማን አፈረሰው?» አልኳቸው።

ጀሪካናቸውን አወረዱና አዩኝ። «ልጄ፣ ስታጥሩት ከብቱ የት ይጠጣል ብላችሁ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም።

«ሌላው ውኃ ታች ገደሉ ውስጥ ነው። በበጋ የደከመ ከብት ከወረደ አይወጣም። በሬው ካልጠጣ አያርስም። በሬው ካላረሰ ልጁ ንጹሕ ውኃ ጠጥቶ ምን ሊበላ ነው?»

«ታዲያ ያን ቀን በስብሰባው ላይ ለምን አልነገራችሁንም?»

ፈገግ አሉ። «ነገርከን እንጂ መች ጠየቅከን?»

«ጥያቄ ያለው?» ብዬ ጠይቄ ነበር እኮ! ይህን ልላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሁሉን ጨርሶ የመጣ ሰው «ጥያቄ ያለው?» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ትልቅም ትንሽም ያውቃል። ሴቶቹ ደግሞ ከኋላ ነበሩ። ውኃ የሚቀዱት እነርሱ፣ ቧንቧው የት ይሁን ተብለው ያልተጠየቁትም እነርሱ።

የጎደለው አንድ የከብት ገንዳ ነበር። ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ድርጅቱ በጀቱን ስለ ዘጋ እኔ ሲሚንቶውን ከደሞዜ ገዛሁ። ድንጋዩን እነርሱ አወጡ፤ በደቦ ተሰብስበው ሁለት ቀን ሳይሞላ ገንዳውን ሠሩት፤ አጥሩንም መልሰው አጠሩት። ስንዴ የጠየቀ የለም። እንዲያውም ጠላና ቆሎ የቀረበው ለእኔ ነበር። (ጠላውን እንዳልጠጣሁት ለማወቅ የምትፈልጉ አንባቢያን ካላችሁ፣ ቆሎውን ነው የበላሁት።)

አማርኛችን «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይላል። እሺ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከልብ የሚወጣ እሺ አለ። ከእንግዳ ጋር ላለመጣላት፣ ሹምን ላለማስቀየም፣ ነገ ስንዴ ሲመጣ ከመዝገብ ላለመውጣት የሚባል እሺም አለ። ሁለተኛውን እሺ እየሰበሰብን በሪፖርት ላይ የመጀመሪያው እንደ ሆነ አድርገን የምንጽፍ ብዙዎች ነን።

ይህ ጠንቃቃ እሺ ከየት እንደ መጣ የነገሩኝ ግን እኚያ እናት አይደሉም። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በየካቲት ወር ለሌላ ጉዳይ ላሊበላ ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ጨርሼ አንድ ቀን ስለ ተረፈኝ፣ አገሩን ከላይ ሆኜ ለማየት ወደ አሸተን ማርያም ወጣሁ። አሸተን ከከተማው በላይ፣ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊቱ ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ያያይዛታል። በእግር የሁለት ሰዓት ያህል ዳገት ነው። ጉልበቴን ስለማውቀው በቅሎ ተከራየሁ። የበቅሎዋ ባለቤት በዕድሜ የሚበልጡኝ ገበሬ ነበሩ፤ እንደ አገሩ ልማድ «አያ» እያልኩ አብረን ወጣን።

«የድርጅት ሰው ነህ?» አሉኝ ጥቂት እንደ ሄድን።

«ድሮ ነበርኩ፣ አያ። በምን አወቁ?»

«ማረሻውን፣ ካቡን፣ ውኃውን እያየህ ስትሄድ። ቱሪስት የሚያየው ሰማዩንና ጭላዳውን ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጨዋታው መጣ። «ስንት ጊዜ እንደ ተመዘገብኩ ታውቃለህ? በሬ ስንት፣ በግ ስንት፣ ዶሮ ስንት፣ ልጅ ስንት፣ ሽንት ቤት አለህ ወይ። ያልተቆጠረ ጥርሴ ብቻ ነው። መዝጋቢው ሁሉ ተመልሼ እነግራችኋለሁ ይላል። እስከ ዛሬ አንድም ተመልሶ 'ይኸው ያንን ብላችሁን እንዲህ ሆነ' ያለን የለም። ታዲያ ኋላ ኋላ እኛም ደስ የሚለውን መናገር ለመድን። ትንሽ የሚሰጥ ሲመስል በጉ ይቀንሳል፤ ብድር የሚሰጥ ሲመስል በጉ ይጨምራል።»

ሳቅኩ። ግን እነዚያን ቅጾች በእጄ የሞላሁ ሰው ነኝና ሳቄ ብዙ አልቆየም።

ታላቅ ወንድማቸው በ1977 ዓ.ም. ወደ ኢሉባቦር በሠፈራ እንደ ሄዱና በዚያው እንደ ቀሩ ነገሩኝ። በዚያ ዘመን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ድርቁ ክፉኛ ከመታቸው አገሮች ዋግና ላስታ ይገኙበታል። ደርግ በዚያ ወቅት 600 ሺህ ገደማ ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ። ወዶ የሄደ ነበር፤ ሳይወድ የተጫነም ብዙ ነበር። እህል ይታደላል በተባለበት ቦታ ለሠፈራ ሰው ስለሚለቀም፣ የተራበ ሰው እህል ወደሚሰጥበት ለመሄድ የሚፈራበት ጊዜ ሆነ። በአንድ እጅ የሚሰጥ፣ በሌላው የሚወስድ እንግዳ! ይህን ያየ አባት «ልንረዳችሁ መጣን» የሚል መኪና ሲቆም ልጁን ወደ ጓዳ ቢልክ ሊገርመን አይገባም።

ከዚያም በፊትና በኋላ «ምግብ ለሥራ» ነበር። ከዓለም ምግብ ፕሮግራም በሚመጣ እህል በወሎ ተራሮች ላይ እርከን ተሠርቷል፣ ኮረብታ ተከልሎ ዛፍ ተተክሏል። ሥራው መልካም ነበር። ነገር ግን የትኛው ኮረብታ እንደሚከለል፣ ከብቱ የት እንደሚግጥ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው የወሰነው ገበሬው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በወሎ በብዙ ቦታ ያ ክልል ተጨፈጨፈ፤ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። ያን ጊዜም «ሕዝቡ አይገባውም» ተብሏል።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር መጣ። ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ ይረዳል። ስንት ቤተሰብ በሬውን ሳይሸጥ ክፉ ቀን እንዲያልፍ እንደ ረዳ አይቻለሁ፤ አላቃልለውም። ይሁን እንጂ አያ ከአንድ ጥምዝምዝ ላይ በቅሎዋን አቁመው ያሳዩኝን ልንገራችሁ። ከፊታችን ጎን ለጎን ሁለት ካቦች ነበሩ። አንደኛው ሆዱ ተነፍቶ ግማሹ ተንዷል። ሁለተኛው ድንጋዩ እንደ ጥርስ ተገጥሟል፤ በጫፉ ላይ ጌሾ ተተክሏል።

«ያ የሴፍቲኔት ነው» አሉኝ የተናደውን እየጠቆሙ። «ይኸኛው የእኔ ነው።»

«የተናደውስ በማን መሬት ላይ ነው?»

«በእኔው መሬት።» ራሳቸውም ገረማቸው መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም አሉ። «የሠራነው ግን በቁጥር ነው። ዛሬ ይህን ያህል ሜትር ተብሎ። ውኃው የት እንደሚሰብረው አውቅ ነበር፤ የጠየቀኝ አልነበረም። ቀኔን አስመዝግቤ ገባሁ።»

አንድ ሰው፣ አንድ መሬት፣ ሁለት ካብ። ወጣቱ ወንድማችን «ስንዴ ካላየ አካፋ አያነሣም» ያለው ሰው እኮ ይህ ነው! ይኸው ሰው ጎረቤቱ በሬ ሲሞትበት በወንፈል ያርስለታል። ሰው ሲሞት ወሎዎች ቅሬ በሚሉት እድር መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቅስተኛ ያበላል። ለዚህ ሁሉ አሠልጣኝ መጥቶለት፣ የውሎ አበል ተከፍሎት አያውቅም።

ከፍ ስንል ከተማው ከእግራችን በታች ተዘረጋ። አብያተ ክርስቲያናቱ በመሬት ውስጥ ስለ ሆኑ ከላይ አይታዩም፤ የሚታየው ግዙፉ መጠለያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ የቆመው ማለት ነው። ዝናብና ፀሐይ ዐለቱን እንዳይበላው ታስቦ ለጊዜው የተተከለ ነበር። ጊዜው ረዘመ፤ ነዋሪው ብረቱ ነፋስ ቢጥለው በቅርሱ ላይ ይወድቃል ብሎ ሰጋ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የላሊበላ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ቅርሳችን ይዳን ብሎ ጮኸ። እኔ ዳገቱን በወጣሁ በወሩ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አገራቸው እንደምትረዳ ቃል ገቡ።

አያን ስለ መጠለያው ጠየቅኳቸው። «ሐሳቡ ክፉ አልነበረም» አሉ። «ቤትህ ሲያፈስስ ጎረቤት ቆርቆሮ ይዞ ቢመጣ ትጠላለህ? ግን ምሰሶውን የት እንደሚተክል አንተን ይጠይቅህ። መቼ እንደሚያነሣውም ይንገርህ።»

ታዲያ ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር አብሮ መሥራት አይሆንም ማለት ነው? አይደለም። ከላሊበላ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውን አስቡ። «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቀው ሥራ የተጠነሰሰው በውጭ ሰዎች ሐሳብና እገዛ ነው። እንደ መቋት ማርያም ባሉ መንደሮች ገበሬዎች በገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ማሳደር ጀመሩ። ፈረንጁ በእግሩ ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይሸከማል፤ ምግቡን የመንደሩ ሰው ያበስላል፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው የመንደሩ ኮሚቴ ነው፤ ገቢውም ለመንደሩ ይገባል። በአንድ ጊዜ የሚመጣው እንግዳ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ ኋላ ወደ አቡነ ዮሴፍ አካባቢም ተስፋፍቷል። ልዩነቱ ይታያችኋል? በዚህኛው ባለ ቤቱ ገበሬው ነው፤ ከውጭ የመጣው ደግሞ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ወንበር ተሰጥቶት ይቀመጣል እንጂ ምድጃ አያዛውርም።

ከዚያ ወዲህ ክፉ ቀን መጣ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የድርጅት መኪና ቀድሞ ይወጣል፤ ፈረንጁም ወደ አገሩ ይበራል። የሚቀረው ያ በቁጥር የተመዘገበ ሰው ነው። ስንመለስ የሚቀበለን እርሱ ነውና፣ «ስትሄዱ ደህና ሁኑ እንኳ አላላችሁንም» ቢለን የምንመልሰው ምን ይሆን?

በዚያ ዳገት ላይ አንድ ሌላ ነገርም ተነሣ። አያ በድንገት «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ርምጃ ዝም ብለው ሄዱና «ቀድሞ ወደ እኛ ዘንድ አንድ ድርጅት መጥቶ ነበር» አሉ። «ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው ተባለ። ጠየቅናቸው፤ ነገሩን ሸፋፈኑት። እንዲህ ነን፣ የመጣነው ለዚህ ነው ቢሉን ደህና ነበር። ዝም ያለ ሰው ያስፈራል።»

ልቤ ተወጋ። እኛም በዚያች ምንጭ ሥራ ጊዜ ከኋላችን የትኛዋ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ላለመናገር ተስማምተን ነበር። ጥበብ መስሎን ነው። የደብሩን አለቃ እንኳ ቀርበን «አባ፣ እኛ እንዲህ ነን፤ የመጣነው ለውኃ ነው» አላልናቸውም። አጥሩ የተነቀለው በከብቱ ምክንያት ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ጴንጤዎቹ ውኃውን ያጠሩት ሊያጠምቁበት ነው» ይባል እንደ ነበር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ወሬውን ያወራው ሰው አጠፋ፤ ባዶ ቦታውን የተውንለት ግን እኛ ነን።

ወገኖቼ፣ ይህ ስሜት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ በኋላ በደርግ እጅ የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ ባሕር ማዶ ያሉት ለጋሾች ለልማት ፕሮጀክት ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸው ያጥራል፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ የከፈለው የእነርሱ አስተሳሰብ እንጂ የእኛ አይደለም፤ የሚያስፈልገንን እኛ እንናገር የሚል ነው። እርዳታውን ገፍታ አልመለሰችም፤ እኔም ልጠየቅ አለች። እኛ ዛሬም በዚያ ደብዳቤ እንኮራለን። ታዲያ ለአውሮፓ የነገርነውን፣ የላስታዋ እናት ለእኛ ስትነግረን ለምን «አይገባትም» እንላለን?

ያን ወጣት ወንድም ይህን ሁሉ ነግሬ ሳበቃ «እሺ፣ ከየት ልጀምር?» አለኝ። ስለ ስብሰባ ሳይሆን ስለ ቡና ነገርኩት። ቅጽና ባልደረባ ሳትይዝ፣ መኪናውን ሩቅ አቁመህ፣ አንዲት እናት ቤት ግባ አልኩት። ከብቱ የት እንደሚጠጣ፣ ጎርፉ በየት እንደሚገባ፣ ከአንተ በፊት የመጡት ምን ሠርተው እንደ ሄዱ ጠይቅ። ምን ልታደርግ እንደመጣህ እስኪጠይቁህ ድረስ አትንገር። ሲጠይቁህ ግን ምንም አትደብቅ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ስልክ ደወለ። ድምፁ ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ሄጄ ነበር። ምንም አልነገሩኝም። ቡና ብቻ አጠጡኝ።»

«ስንት ስኒ?»

«አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውንም።»

«እንግዲያው ነገም ሂድ» አልኩት።